ኮሎስቶሚ ሲዘጋ ሰገራ መያዝም አብሮ ይመለሳል? ከመዘጋቱ በፊት ምን ይፈተሻል?

ጥያቄ፦ ቁስል_ክፍል_ድሬ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በጤና ጣቢያ ደረጃ ኮሎስቶሚ (ትልቁ አንጀት ሆድ ላይ ተከፍቶ ሰገራ ወደ ከረጢት የሚወጣበት) ያላቸውን ሰዎች የምንከታተል ነርሶች ነን። ለከረጢት ቅያሪና ለተላጠ ቆዳ ይመጣሉ፤ ቆዳው ታጥቦ ሳይደርቅ ግን ጥያቄው ይከተላል፦ «መቼ ነው የሚመለስልኝ? ከተመለሰስ እንደ ድሮዬ እይዘዋለሁ ወይስ ያመልጠኛል?»

የሚመጡት አራት ዓይነት ናቸው። ትልቁ አንጀታቸው ተጠምዝዞ፣ ጠቁሮ፣ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ላይኛው ጫፍ ሆድ ላይ የወጣላቸው አሉ። በምጥ ወይም በአደጋ ፊንጢጣቸው አካባቢ የተቀደደ አሉ። በካንሰር ምክንያት ፊንጢጣቸው ጭምር ወጥቶ ከታች የተሰፋላቸው አሉ። ያለ ፊንጢጣ ቀዳዳ የተወለዱ ሕፃናትም አሉ።

ሪፈር ከመጻፋችን በፊት እኛ ጋ ምን መታየት አለበት? ለዘለቄታው ነው የተባሉትስ ከረጢት ከመልበስ ውጭ አማራጭ አላቸው? የጭን ጡንቻ ወስደው አዲስ ፊንጢጣ ይሠራሉ የሚባለው እውነት ነው? አንድ ሌላ ነገር፦ ከረጢቱ ሆድ ላይ እያለ ከታች በኩል ንፍጥ የሚመስል ነገር ሲወጣ ሰዎች በጣም ይደነግጣሉ። ምን እንበላቸው?

መልስ 1፦ ሰርጅን_ሐረርጌ

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነውና። ከታች የቀረው ደንዳኔ (ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ) ሰገራ ባያልፍበትም ሕያው ነው። ግድግዳው ንፍጥ ማመንጨቱን አያቆምም፤ ንፍጡ ይጠራቀምና በጥቂት ቀን ወይም በሳምንት አንዴ ይወጣል፣ አንዳንዴም ደርቆ እንደ ጭቃ ኳስ ይሆናል። ሽንት ቤት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው፤ ካስቸገረ የግሊሰሪን ሳፖዚተሪ (በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት) ይበቃል። ሰገራ ሳያልፍበት የቆየ አንጀት ምግቡን ስለሚያጣ ይቆጣል፣ ትንሽ ደምም ሊቀላቀል ይችላል፤ አንጀቱ ሲገናኝ ይድናል። ሽታው የከፋ መግል፣ ትኩሳት ወይም ብዙ ደም ካለ ግን ያ ሌላ ነው፣ በዚያው ቀን ይላክ። እግረ መንገዳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ንፍጡ ሲመጣ ቀድሞ ይታወቅሃል? እስከ ሽንት ቤት ትይዘዋለህ?» አዎ ካለ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ትልቅ መረጃ አገኛችሁ።

ወደ ዋናው ስመለስ፣ አንጀትን ማገናኘትና ሰገራን መያዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሞተ ወይም የተቀደደ ጡንቻ አንጀት ስለተገናኘ ብቻ ነፍስ አይዘራም። ይህ ሳይፈተሽ ኮሎስቶሚ ከተዘጋ፣ ትናንት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀም የነበረው ሰገራ ነገ ልብስ ላይ ይወርዳል። ሰውየው ከቀድሞው የባሰ ከቤት አይወጣም። ስለዚህ «መቼ ይዘጋ?» ከሚለው በፊት «ከታች ምን ቀርቷል?» የሚለው ይምጣ።

ሰገራን የሚይዘው አንድ ነገር አይደለም። ውስጠኛው ቀለበት ጡንቻ ሳናዝዘው ሌት ተቀን ይቋጥራል፤ በዕረፍት ጊዜ ያለው ግፊት አብዛኛው የእሱ ነው። ውጭኛው ቀለበት በፈቃዳችን የምንጨብጠው ነው፣ በፍጥነት ይደክማል። ከኋላ ዞሮ አንጀቱን ወደ ፊት የሚጎትተው ወንጭፍ መሳይ ጡንቻ መታጠፊያ ይሠራል። ደንዳኔው ራሱ ተለጥጦ እንደ ጎተራ ያጠራቅማል። ከዚህ በላይ የስሜት ነርቭ አለ፤ የመጣው አየር ነው፣ ቀጭን ነው ወይስ ጠጣር የሚለውን የሚለይ። የሰገራው ውፍረትም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ደካማ ጡንቻ ያለው ሰው ጠጣሩን ይዞ ቀጭኑ ያመልጠዋል።

በዚህ ዓይን ስታዩት አንጀቱ የተጠመዘዘበት ሰው ከአራቱ ሁሉ ዕድለኛው ነው። የተቆረጠው ሲግሞይድ (ከደንዳኔው በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል) ነው፤ ደንዳኔውም፣ ቀለበቶቹም፣ ነርቮቹም አልተነኩም። በአገራችን የትልቁ አንጀት መዘጋት ዋና መንስኤዎች አንዱ ይኸው መጠምዘዝ በመሆኑ፣ እናንተ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ተመልሰው ሊይዙ የሚችሉ ናቸው። ሳይመለስላቸው ዓመታት የሚቆጠሩት ስለማይቻል ሳይሆን ቀጠሮው ስለሚጠፋ፣ ወረቀቱ ስለሚጠፋ፣ «የዕድሜ ልክ ነው» ብሎ የነገራቸው ሰው ስላለ ነው።

እናንተ ጋ የሚደረገው ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ጠይቁ፦ ከኦፕሬሽኑ በፊት ሰገራ ያመልጠው ነበር? አስቸጋሪ ምጥ፣ የኪንታሮት ወይም የፊስቱላ (ያለ ቦታው የተከፈተ ቀዳዳ) ቀዶ ሕክምና ነበር? ስኳር ወይም የጀርባ አጥንት ጉዳትስ? ከዚያ በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ በጥሩ ብርሃን ተመልከቱ። ቀዳዳው ተዘግቶ ነው ያለው ወይስ ክፍት? በሴቶች በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ አለ ወይስ ሳስቶ ቆዳ ብቻ ቀርቷል? በጥጥ ጫፍ ዳሩን ነካ ስታደርጉት ጭብጥ ይላል? ካላለ ነርቭ ተጠርጥሮ ይጻፍ። ቀጥሎ ጓንትና ጄሊ፣ አንድ ጣት። ዝም ብሎ ሲተኛ ጣታችሁን ይይዛል? «አየር እንዳያመልጥህ ያዝ» ስትሉትስ ይጨምራል? ስንት ሰከንድ ቆየ? እዚህ ላይ ብዙዎች መቀመጫቸውንና ጭናቸውን ጨብጠው ጡንቻው የሠራ ያስመስላሉ፤ ሌላኛውን እጃችሁን መቀመጫው ላይ ብታኖሩ ትለዩታላችሁ። በስተመጨረሻ «አምጥ» በሉት፤ ጡንቻው መላላት አለበት። በዚህ ሰዓት የሚጨብጥ ሰው ኮሎስቶሚው ከተዘጋ በኋላ ድርቀት ያሠቃየዋል። ከኦፕሬሽኑ 6 ሳምንት ካልሞላው ጣትም፣ ኢነማም (በፊንጢጣ የሚገባ የማጠቢያ ፈሳሽ)፣ ቱቦም አታስገቡ፤ የተሰፋው ጫፍ ሊፈነዳ ይችላል።

የቀረው የሆስፒታል ሥራ ነው። በውኃ የሚሟሟ፣ በራጅ የሚታይ ንጥረ ነገር ከታች ተሰጥቶ ራጅ ይነሣል፤ ባሪየም አይሆንም፣ ቀዳዳ ካለ ሆድ ዕቃ ውስጥ ፈስሶ ከባድ ቁጣ ያስነሣል። ጥበት፣ ፊስቱላ፣ የቀረው ክፍል ርዝመት ይታያል። ራጁ ንጹሕ ከሆነና ጡንቻው ካጠራጠረ የመያዝ ፈተና ይደረጋል፦ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ወፈር ያለ ነገር (አጥሚት ገንፎ ሊሆን ሲል ያለውን ውፍረት አስቡት) በለስላሳ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ይገባል። ሰውየው ይነሣል፣ ይራመዳል፣ ያስላል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ያስወጣዋል። መያዙም ማስወጣቱም ይመዘገባል። ማኖሜትሪ (የፊንጢጣ ግፊት መለኪያ) እና የፊንጢጣ አልትራሳውንድ ካለ እሰየው፤ ከሌለ ይህ ፈተናና ጥሩ ጣት ብዙ ይናገራሉ።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ሁለት አፍ ያለው ሉፕ ኮሎስቶሚ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በዙሪያው ብቻ ተከፍቶ ሊዘጋ ይችላል። አንድ አፍ ያለው፣ የታችኛው ጫፍ ሆድ ውስጥ ተሰፍቶ የቀረው (ፈረንሳዊው ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1921 የገለጸው ዓይነት) ግን ሆድ እንደገና ይከፈትበታል፤ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ቀድሞ ከተከፈተ የአንጀቶቹ መጣበቅ ትኩስና ደም የሚረጭ ነው፤ ጤነኛ አንጀት ሳይታሰብ ይቀደዳል። እስከዚያ ሰውየው ክብደት ይጨምር፣ ሄሞግሎቢኑ ይስተካከል፣ አልቡሚኑ (የደም ፕሮቲን) 3.5 ግራም በዴሲ ሊትር አካባቢ ይድረስ፣ ሲጋራ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ይቁም።

የሚበላሸውም የት እንደሆነ ይታወቅ። መጋጠሚያው የሚያፈስሰው ሲወጠር ወይም ደም ሲያጥረው ነው። ላይኛው አንጀት በግራ የጎድን አጥንት ሥር ካለው መታጠፊያ ሳይላቀቅ በግድ ወደ ታች ከተጎተተ ይወጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ይላቀቃል፤ ከዚያ በክብ ስቴፕለር፣ ብዙ ጊዜ 28 ወይም 29 ሚሊ ሜትር፣ ካልሆነም በእጅ በ3-0 ክር ይገናኛል። ስቴፕለር የለም ተብሎ ሰው ዓመት መጠበቅ የለበትም፤ የታችኛው ጫፍ በቂ ርዝመት ካለው የእጅ ስፌት የታወቀ መንገድ ነው። ከዚያ ዳሌው ውኃ ተሞልቶ ከታች አየር ይነፋል፤ አረፋ ከወጣ ያፈስሳል ማለት ነውና እዚያው ይስተካከላል። ቤት ከገባ በኋላ፣ በተለይ ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት ወይም አዲስ ሕመም ከታየ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ አትመልሱት። በዚያው ሰዓት ይላክ።

መልስ 2፦ ስቶማ_ነርስ

እኔ የምጨምረው ለዘለቄታው ለተባሉት ነው። ዶክተር ስለ ኦፕሬሽን በሚገባ ተናግሯል፤ ነገር ግን ፊንጢጣው የወጣለት ሰው ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና ሰገራውን በሰዓት መቆጣጠር የሚችልበት መንገድ አለ፤ አብዛኛው ታካሚ ስሙን እንኳ ሰምቶት አያውቅም። ኮሎስቶሚን በውኃ ማጠብ ይባላል። አንጀቱ በቀን ወይም በሁለት ቀን አንዴ፣ በአንድ ሰዓት፣ በውኃ ተገፋፍቶ ይራገፋል፤ በመካከሉ ባለው ጊዜ ምንም አይወጣም ወይም በጣም ጥቂት ነው፤ ሰውየው ከረጢት ትቶ በትንሽ ክዳን ወይም በጋዝ ሸፍኖ ይውላል።

የሚሆነው ግን በግራ በኩል ላለ፣ ከሲግሞይድ ወይም ከወራጁ አንጀት ለወጣ፣ አንድ አፍ ላለው ኮሎስቶሚ ብቻ ነው። ቀጭን አንጀት ከወጣ (ኢሊኦስቶሚ) ፈጽሞ አይሞከርም። በስቶማው (ሆድ ላይ በወጣው የአንጀት አፍ) ዙሪያ ሄርኒያ (አንጀት በሆድ ግድግዳ ሾልኮ የሚያብጥበት) ያለው፣ አንጀቱ ወደ ውጭ የሚረዝም፣ በኬሞ ወይም በጨረር ላይ ያለ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት፣ ሕፃን ልጅ፣ እነዚህ ይለፋቸው። ለሌሎቹም ሰርጅኑ ይፍቀድ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ነርስ ባለበት ይሁኑ።

የሚያስፈልገው፦ ውኃ የሚይዝ ከረጢት ከነመቆጣጠሪያው፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ኮን፣ ከስቶማው እስከ ባልዲ ወይም ሽንት ቤት የሚደርስ ረጅም እጅጌ መሳይ ላስቲክ ከነቀበቶው፣ ጄሊ። ኮን ከሌለ አትጀምሩ። በሽንት ካቴተር ወይም በሌላ ቱቦ የሚደረግ ሙከራ አንጀት ይበሳል። ኮኑ የተሠራው ወደ ውስጥ ርቆ እንዳይገባና ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው።

ውኃው የሚጠጣ ይሁን፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ፈልቶ ይቀዝቅዝ። ሙቀቱ የሰውነት ያህል፤ ክንድ ላይ ሲፈስ አይሞቅ አይበርድ። በ500 ሚሊ ሊትር ይጀመራል፣ በጥቂት ቀናት ወደ 750 ወይም 1000 ይደርሳል። የውኃው ከረጢት ታካሚው ሲቀመጥ ታችኛው ጠርዙ ከትከሻው ጋር እኩል እንዲሆን ይሰቀላል። ከፍ ካለ ውኃው ይቸኩልና ቁርጠት ይመጣል። መጀመሪያ ውኃ ለቀቅ አድርጎ ከቱቦው አየር ማስወጣት ነው። ከዚያ በጓንት ትንሿን ጣት አስገብቶ አንጀቱ ወዴት እንደሚያቀና ማወቅ፣ ኮኑን በዚያው አቅጣጫ ቀስ ብሎ ማስደገፍ። ውኃው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይገባል። ካለቀ በኋላ ኮኑ ጥቂት ደቂቃ ይያዝና ይወጣል። ትልቁ ግፊት በ15 ደቂቃ ውስጥ ይመጣል፣ የቀረው እየተቆራረጠ እስከ 45 ደቂቃ ይቆያል። በዚህ መሃል እጅጌውን ከታች አጥፎ በክሊፕ ቆልፎ ቡና ማፍላትም ይቻላል።

ውኃው አልገባ ካለ ኮኑ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ አቅጣጫ ቀይሩ፣ አትግፉ። ቁርጠት ከመጣ መቆጣጠሪያውን ዝጉ፣ ሰውየው በረዥሙ ይተንፍስ፣ ሲያልፍ ቀጥሉ፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነበር ወይም ፈጥኖ ገብቷል። ገብቶ ካልወጣ ሰውነቱ ውኃ ተጠምቶ ስለነበር መጦታል፤ የድሬ ሙቀት ውስጥ ይህ ይበዛል። ያኔ ደግማችሁ አትጨምሩ፤ ይጠጣ፣ ነገ ይሞከር። በመካከል የሚያመልጠው ከሆነ ወይ ውኃው አንሷል፣ ወይ ሰዓቱ በየቀኑ ይቀያየራል። አንጀት ልማድ ለመያዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ የሚተወው ብዙ ነው።

ለእኛ አካባቢ ሦስት ነገር ልብ ይባል። ጫት አንጀትን ያደርቃል፣ የምግብ ሰዓትንም ያፋልሳል፤ የሚቅም ሰው የሚታጠብበትን ሰዓት ከበርጫው ያርቀው፣ ቢቻል ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያድርገው፣ ውኃም ይጨምር። የድሬ ውኃ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚጥል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንጀቱን አይጎዳውም፣ የኮኑን ቀዳዳና የመቆጣጠሪያውን ጎማ ግን ያጠብበዋል። በሳምንት አንዴ ኮምጣጤ በተቀላቀለበት ውኃ ዘፍዝፎ ማጠብ ነው። ሦስተኛው፣ መሬት ላይ የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ያለው ሰው አንድ ሰዓት ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ባልዲ ውስጥ ይልቀቀው።

ሰላታቸው የሚያስጨንቃቸው ሰዎችም ይጠይቃሉ፤ ከፈጅር በፊት ወይም በኋላ መታጠብ ቀኑን ንጹሕ ያደርግላቸዋል። ስለ ውዱእ ፍርዱን ግን ሸኻቸውን ይጠይቁ፤ መቆጣጠር ለማይችል ሰው ማቅለያ እንዳለው ይነግሯቸዋል።

ቁስል_ክፍል_ድሬ

በጣም እናመሰግናለን። ኮን ስለሌለ በካቴተር የሞከረ ሰው አጋጥሞን ስለነበር ያ ማስጠንቀቂያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የጭን ጡንቻውን ነገር ግን ማንም አልነካውም፤ በምጥ የተቀደዱት እናቶችም ቀሩ።

መልስ 3፦ ሰርጅን_ሐረርጌ

እናቶቹን አስቀድማለሁ፤ ብዙ ሊደረግላቸው የሚችለው እነሱ ናቸውና። ቀለበቱ ከፊት በኩል ተቀዶ ሁለቱ ጫፎች እንደ ተከፈተ ቀለበት ተራርቀው ይቀራሉ፤ ጡንቻው ራሱ ሕያው ነው። ጫፎቹ ከጠባሳው ተፈልቅቀው፣ ጠባሳው ሳይጣል (ክሩን የሚሸከመው እሱ ነው)፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይሰፋል። ፓርክስና ማክፓርትሊን እ.ኤ.አ. በ1971 የገለጹት ይህ መንገድ ዛሬም መነሻ ነው። ክሩ ቀስ ብሎ የሚሟሟ፣ 2-0 ወይም 3-0 ይሆናል። ሲፈለቀቅ ወደ ጎን ርቆ መሄድ የለበትም፤ ነርቩ የሚገባው ከጎንና ከኋላ ነው፣ ከተቆረጠ የተሰፋው ጡንቻ ይሞታል። ቁስሉ ካመረቀዘ ከ3 እስከ 6 ወር ተጠብቆ ነው የሚደገመው፤ በቁጣ ላይ ያለ ሥጋ ክር አይይዝም። ውጤቱ መጀመሪያ ጥሩ ነው፣ ከ5 እና ከ10 ዓመት በኋላ ግን በብዙዎች ይዳከማል። ይህን ሳይደብቁ ቀድሞ መንገር ይገባል። ለዚህ ስፌት ኮሎስቶሚ የግድ አይደለም፤ ቀድሞ ካለ ግን ስፌቱ ድኖ፣ የመያዝ ፈተናው ታይቶ ነው የሚዘጋው።

ከእነሱ መካከል በብልት በኩል አየር ወይም ሰገራ የሚወጣባት ካለች ፊስቱላ አለ ማለት ነው። ሐረር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፣ ሕክምናው በነፃ ነው። ድሬ ያለች እናት አዲስ አበባ ድረስ እንድትንከራተት አታድርጉ።

አሁን የጭኑ ጡንቻ። እውነት ነው፣ ይሠራል። ግራሲሊስ የሚባለው በውስጠኛው ጭን ከዳሌው የፊት አጥንት እስከ ጉልበት ሥር የሚወርድ ረጅም ቀጭን ጡንቻ ነው፤ ቢወሰድ ሰውየው ሳይቸገር ይራመዳል። ታችኛው ጫፉ ከጉልበት ሥር ተቆርጦ ይላቀቃል፣ ላይኛው ግን ከነደም ሥሩና ከነነርቩ ይቆያል። ዋናው ደም ሥር ከላይኛው መነሻ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ዝቅ ብሎ ይገባል፤ ያ ከተጎዳ ሁሉም ነገር ያበቃል። ጡንቻው ከቆዳ ሥር ተመርቶ በፊንጢጣው ዙሪያ ይጠመጠምና ጅማቱ ከመቀመጫ አጥንት ጋር ይሰፋል። ፒክሬል እ.ኤ.አ. በ1952 በልጆች ላይ ነበር ያስተዋወቀው።

ችግሩ ይህ ነው፦ የእግር ጡንቻ ለሩጫ እንጂ ለሌት ተቀን ጥበቃ አልተፈጠረም። ፈጥኖ ይደክማል። ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እግሩን እያሰበ ሊጨብጥ አይችልም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የማስትሪኽትና የለንደን ሰርጅኖች ይህን ለመፍታት ከቆዳ ሥር የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ቀበሩ። ነርቩ ለ8 ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ሲነቃቃ ፈጥኖ የሚደክመው የጡንቻ ክር ወደማይደክመው ዓይነት ይለወጣል። ሰውየው ሰገራ ሲፈልግ በማግኔት ወይም በመቆጣጠሪያ ያጠፋዋል፣ ጡንቻው ይላላል። ፊንጢጣቸው በካንሰር ለወጣላቸውም ወራጁ አንጀት ወደ ታች ወርዶ፣ ጡንቻው ተጠምጥሞ ተሠርቷል።

እኔ ግን ከታካሚ ፊት እንደ ተስፋ አላቀርበውም። ቁስል ማመርቀዝ ይበዛል፣ መሣሪያው ሲያመረቅዝ ይወጣል፣ ባትሪው ያልቃል። ጡንቻው ከጠበቀ ሰገራ አልወጣ ብሎ በየቀኑ ኢነማ የሚያስፈልገው ሰው ይኖራል። አዲሱ ፊንጢጣ ስሜት የለውም፤ አየርን ከሰገራ አይለይም። ጨረር ባገኘው ሥፍራ ላይ ደግሞ መዳኑ አጠራጣሪ ነው። ሲሊኮን ቀለበት ያለው ሰው ሠራሽ ስፊንክተርም (ቀለበት ጡንቻ) ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ ብዙው ተመልሶ ወጥቷል። ጡንቻው ሳይቀደድ በነርቭ ድካም ለሚያመልጣቸው የዳሌ ነርቭ ማነቃቂያ፣ ማትዘልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት፣ ቦታውን በብዛት ወስዷል። የእኛ ሰው ግን ስቶማ_ነርስ የጻፈችውን ውኃ በሚገባ ቢማር፣ በአብዛኛው ከዚህ ሁሉ የተሻለ ኑሮ ያገኛል። በሆድ ላይ ያለ፣ በሰዓቱ የሚራገፍ ኮሎስቶሚ ከታች ካለ ከማይይዝ ፊንጢጣ ይሻላል። ይህን ለታካሚው በግልጽ ልንነግረው ይገባል።

መልስ 4፦ የልጆች_ቀዶ_ሕክምና

ስለ ሕፃናቱ። ሥራው ሦስት ደረጃ ነው፦ ኮሎስቶሚ፣ ከኋላ በመሃል መስመር ተከፍቶ ፊንጢጣውን በጡንቻው መሃል ማስቀመጥ (ፔኛና ደ ቭሪስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት)፣ ከዚያ ኮሎስቶሚውን መዝጋት። እናንተ ጋ የሚወድቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ነው፤ ብዙ ልጅ የሚበላሸውም እዚያ ነው።

ከኦፕሬሽኑ 2 ሳምንት በኋላ አዲሱ ቀዳዳ በሄጋር ዘንግ (ውፍረቱ በቁጥር የሚለይ ልሙጥ ዘንግ) መስፋት ይጀምራል። ቤተሰቡ በቀን ሁለት ጊዜ ያስገባል፣ መጠኑ በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ይጨምራል። መድረሻው በዕድሜ ነው፦ ከ1 እስከ 4 ወር ላለ 12 ቁጥር፣ እስከ 8 ወር 13፣ እስከ 1 ዓመት 14፣ እስከ 3 ዓመት 15፣ እስከ 12 ዓመት 16። የተፈለገው ቁጥር ሲደርስ ኮሎስቶሚው ይዘጋል፤ ዘንጉ ግን እየተራራቀ ይቀጥላል። እናትየው ልጁ ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል ብሏት ካቆመች ቀዳዳው በጠባሳ ይጠብና ሁለተኛ ኦፕሬሽን ይመጣል። ስለዚህ «አስፊው» ብላችሁ አትሸኟት፤ ፊታችሁ አድርጋ ታሳያችሁ፣ ዘንጉን በእጇ ይዛ ትሂድ። ከአንድ ዘንግ ብዙ ቁጥር ወደሚበልጥ መዝለልም አይሆንም፤ ሥጋው ይቀደዳል፣ የተቀደደው በጠባሳ ይድናል።

ልጁ ሲያድግ ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለው ከጭራ አጥንቱ በላይ ካለው አጥንት (ሳክረም) ዕድገትና ከጉድለቱ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። የማይይዘው ልጅ ከ3 ዓመት ጀምሮ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በጨው ውኃ ኢነማ ይራገፋል፦ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል፤ መነሻው በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር። ያለ ጨው ንጹሕ ውኃ ለልጅ አይሰጥም፤ የደሙን ጨው ያቀጥነዋል፣ ልጁ ይንቀጠቀጣል። ሲያድግና ከታች መቀበሉ ሲያሳፍረው ትርፍ አንጀቱ ሆድ ላይ ተከፍቶ ኢነማው ከላይ ይሰጣል፤ ማሎን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳየው ነው።

መልስ 5፦ ፊዚዮ_ከዚራ

ጡንቻ የሚሠለጥነው ኮሎስቶሚው ከተዘጋ በኋላ ሳይሆን ከረጢቱ ገና ሆድ ላይ እያለ ነው። ሐኪሙ ጣት ማስገባት ከፈቀደ ጊዜ ጀምሮ፦ ፊንጢጣን አየር እንደሚይዝ ወደ ላይ መሳብ፣ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ መያዝ፣ ያንኑ ያህል መላላት፣ 10 ጊዜ፤ በቀን 3 ወይም 4 ዙር። ትንፋሽ አይያዝ፣ ሆድ አይወጠር። መላላቱ የልምምዱ ግማሽ ነው። በተኛበት ከተሳካለት በመቀመጥ፣ ከዚያ በመቆም፣ በመጨረሻ እያሳለ ይሞክር።

ከተዘጋ በኋላ ባሉት ሳምንታት በቀን ብዙ ጊዜ ሰገራ መምጣቱ፣ መቸኮሉ፣ ሌሊት ትንሽ ማምለጡ የተለመደ ነው። ደንዳኔው ለወራት ባዶ ነበርና መለጠጥ እንደገና ይማራል። ከደንዳኔው ክፍል የተቆረጠላቸው (የካንሰር ታካሚዎች) ላይ ይህ እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቀድሞ ያልተነገረው ሰው «ኦፕሬሽኑ ከሽፏል» ብሎ ይሰበራል። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ድንች ያወፍራሉ፤ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና ወፍራም ቡና ያቀጥናሉ፤ አንድ በአንድ እየተሞከረ የራሱን ይለይ። ሎፔራማይድ (የተቅማጥ ማስታገሻ) 2 ሚሊ ግራም ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ይረዳል፤ በቀን ከ16 ሚሊ ግራም አያልፍም። ትኩሳት፣ ደም ወይም የሆድ መነፋት ካለ አይነካም። ቆዳው በለብ ውኃ ይታጠብ፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ይድረቅ እንጂ አይታሽ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ሳስ ተደርጎ ይቀባ።

ቁስል_ክፍል_ድሬ

ሪፈር ወረቀታችን ላይ እነዚህን መስመሮች ልንጨምር ነው፦ ኮሎስቶሚ የወጣበት ምክንያትና ቀን፣ አንድ አፍ ወይም ሁለት፣ ከበሽታው በፊት ይይዝ እንደነበር፣ የጣት ምርመራ በዕረፍትና በጭብጥ ከነሰከንዱ፣ ንፍጡ ሲመጣ መታወቁና መያዙ፣ ክብደትና ሄሞግሎቢን። የቀረ ነገር አለ?

ሰርጅን_ሐረርጌ

አንድ አለ፣ ከሁሉም የሚበልጠው። የመጀመሪያው ኦፕሬሽን ኖት። የታችኛው ጫፍ የት ደረጃ ላይ እንደተሰፋ፣ ጥጉ ላይ ለምልክት የማይሟሟ ሰማያዊ ክር ተትቶ እንደሆነ፣ ምን ያህል አንጀት እንደተቆረጠ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ያ ከሌለ ሰርጅኑ በተጣበቀ ዳሌ ውስጥ ፊኛና ማሕፀን መሃል በዳበሳ ይፈልጋል። ከድል ጮራም ሆነ ከሕይወት ፋና ሆስፒታል ሰውየው ሲወጣ ኮፒ ይጠይቅ። እናንተ ጋ በመጀመሪያው ቀን ሲመጣ በስልኩ ፎቶ አንሱለት፣ ለአንድ የቤተሰብ አባልም ላኩለት፤ ወረቀቱ በስድስት ወር ውስጥ ይጠፋል፣ ስልኩም ሊጠፋ ይችላል።